በካሌብ አልበም የገባው ድምፅ

ካሌብ የእህቴ ልጅ ነው። ኮኪት መጥታችሁ «ያ ትራክተር እየነዳ የሚለፈልፈው» ብትሉ ሕፃኑም ይጠቁማችኋል። እኔ አክስቱ ነኝ፣ ባንቺአየሁ። እናቱ ካረፈች ወዲህ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አባቱ ጴንጤ ነበር፤ እህቴም ባሏን ተከትላ ሄደች፣ ልጁም በዚያው አደገ። እኔ ደግሞ ማርያሜን ትቼ የትም አልሄድኩም። በጾም ጊዜ ሥጋውን ደጅ በልቶ አፉን ተጉመጥምጦ ይገባል፤ እኔም ያላወቅሁ እመስላለሁ። በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም። የምንጣላው በዘፈኑ ነው።

«ዘፈን አይደለም አክስቴ፣ መዝሙር ነው» ይለኛል።

«መዝሙር እንዲህ ይጣደፋል? የመናኸሪያ ረዳት ነው እንጂ እንዲህ የሚጣደፍ» እለዋለሁ።

ራፕ ነው ስሙ። የጀመረውም ትራክተሩ ላይ ነው። ያን ጥቁር መሬት ቀኑን ሙሉ ሲገለብጥ ከሞተሩ በቀር የሚያናግረው የለም፤ ቆይቶ ለሞተሩ መልስ መስጠት ጀመረ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ልጄን ፀሐይ መታብኝ ብዬ ጠበል ልወስደው ነበር። ከዚያ ቃሉን አዳመጥኩት።

ጎማ ያለፈበት ጭቃው ይመሰክራል፤
ጌታ ያለፈበት ልቡ ይለሰልሳል፤
ድንጋይ ነው ስትሉኝ ማረሻው ደረሰ፤
ጠንካራው መሬቴ በአንድ ዝናብ ራሰ።

ፀሐይ የመታው ሰው እንዲህ አይገጥምም። እሺ፣ ይሁን ብዬ ተውኩት።

የእኔ እንጀራ ከቤቴ ፊት ያለችው ሱቅ ናት። ከከተማው ወጣ ብላ፣ ሠራተኛ የጫነ አይሱዙ ከሚቆምበት መንገድ ዳር ናት። ጣሪያዋ ላይ ሶላር አለ፤ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ሚሞሪ እጭናለሁ። እኛ አገር ኢንተርኔት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ የሚጠፋበት ይበዛል። ስለዚህ ሠራተኛው ለአረምም ለአጨዳም ከደጋ ሲወርድ ቀድሞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ያቺን ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ከስልኩ አውጥቶ ይሰጠኛል፤ እኔም ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ መዝሙር ላለ መዝሙር፣ ዘፈን ላለ ዘፈን እሞላለታለሁ። እርሻ ላይ የሚሰማው እሱን ነው፤ አገሩም ሲገባ ይዞት የሚገባው እሱን ነው። ኮኪት የጫንኩት ጎጃም ጫፍ ላይ ቢሰማ አይገርመኝም።

ካሌብ አልበሙን የቀዳው መጋዘን ውስጥ ነው። ከቤቴ ጀርባ፣ ከእሾህ አጥሩ ማዶ፣ እሱን የቀጠረው ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘን አለው። ሰውየው ራሱ የሚኖረው ጎንደር ነው። ሰሊጡ እስከ ጣሪያ ሲደረደር ካሌብ በጆንያዎቹ መካከል አንድ ሰው የሚያስገባ ክፍተት አበጀ። እዚያ ገብታችሁ ብትጮኹ ድምፃችሁ አይመለስም፤ ሰሊጡ ይውጠዋል። ማይክና ላፕቶፕ ከጓደኛው ተዋሰ። ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ ሁሉ፣ በዚያ የቆላ ሙቀት፣ ሸሚዙን አውልቆ ላቡ እየተንጠፈጠፈ እዚያ ውስጥ ከረመ። ከስቶ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀረ። «ተው፣ በሽታ ትሸምታለህ» ብለው «አክስቴ፣ ይህን ብቻ ጌታ ያስጨርሰኝ» ይለኛል። ልጅ ሆኖ ጫማ እንኳ ግዢልኝ ብሎኝ አያውቅም። በዕድሜው የፈለገው ነገር ቢኖር ይህ አልበም ነው።

መጋዘኑን የሚጠብቀው ለይኩን ነበር።

ለይኩን ሳሉግ ነው። ለአጨዳ ወርዶ ወደ ደጋ ሳይመለስ እዚሁ የሚቀረውን ሠራተኛ እኛ ቆላዎች ሳሉግ እንለዋለን። ለምን አልተመለስክም ብሎ መጠየቅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይህ ቆላ ድሮም የሸሸ ሰው የሚኖርበት ነው። የእኔ አያትስ ለምን እንደወረዱ ማን ነገረኝ? ለይኩን የገበያ ቀን ደጅ አይወጣም። ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። አዲስ ሠራተኛ የጫነ መኪና ሲቆም መጋዘን ገብቶ በሩን ይዘጋል። ይህን ሁሉ አያለሁ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም እላለሁ። ሰውየው ጨዋ ነው። ወገቤን ሲያመኝ ሳልጠይቀው ውኃ ቀድቶ በር ላይ አስቀምጦልኝ የሚሄድ ሰው ነው።

በየንጋቱ ይጸልያል። ድምፁን ሳብ አድርጎ፣ እንጉርጉሮ በሚመስል ዜማ ነው የሚጸልየው፤ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ።

አቤቱ፣ ወልደ ሰንበትን አስበው።
በመንገድ የቀረውን፣ ቤቱ ያልገባውን፣
ወልደ ሰንበትን አስበው።
እኔንም ማረኝ።

ወልደ ሰንበት የራሱ የክርስትና ስም መስሎኝ ነበር። ሰው በጸሎት የሚያነሳው የክርስትና ስሙን ነው፤ ያን ስም ደግሞ ከቤተሰብ፣ ከንስሐ አባትና ከአበልጅ በቀር የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ብቻውን ሆኖ ስለ ነፍሱ ይለምናል ብዬ አዝንለት ነበር።

አንድ ንጋት ካሌብ ማይኩን ሳያጠፋ አድሮ ኖሮ ያ ጸሎት ተቀዳ። ሲሰማው በደስታ አበደ። ከሥሩ ከበሮ ሳይሆን የትራክተሩን ሞተር፣ ቀስ ብሎ የሚመታውን፣ አደረገበት። ከዚያ የራሱን ራፕ አስከተለበት። መጀመሪያ ያሰማው ለድምፁ ባለቤት ነው፤ እኔም ነበርኩ። ለይኩን መሬት መሬቱን እያየ እስከ ጫፉ አዳመጠ።

«ጋሼ ለይኩን፣ አልበሜ ላይ ላግባው? ይፈቅዱልኛል?» አለው ካሌብ።

ለይኩን ቀና አለ። «የእኔን ስም እንዳትጠራ» አለ።

«አልጠራም።»

«ጸሎቱን ግን አትቁረጠው። እንዳለ ተወው።»

አልበሙ «ጭቃው ይመሰክራል» ተባለና ሐምሌ ላይ ወጣ። ወጣ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ ማለት ነው። በእነሱ ቆርቆሮ አዳራሽ ጸልየውለት፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ ጠጥተው ተበተኑ። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ ልጄ ነው።

ከዚያ ጸሎቱ ያለበት አምስተኛው ቁጥር እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። ጴንጤ ስሙን ቢሰማ የሚያማትበው የደጋ ሠራተኛ ሁሉ «እናቴ፣ ያን ጸሎት ያለበትን ይጫኑልኝ» እያለ ይመጣል። ራፑ ቢያልፈውም ጸሎቱ ይገባዋል። የአረም ሰው ይዞት ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የአጨዳ ሰው ደግሞ እየፈለገው ወረደ። ባጃጅ ሁሉ እሱን ከፍቶ ያልፋል። ካሌብ ትራክተሩ ላይ ሆኖ ድምፁን ከባጃጅ ሲሰማ ጥርሱ አይከደንም። እኔም የመናኸሪያ ረዳት ነው ያልኩትን ረስቼ «የእኔ ልጅ እኮ ነው» እያልኩ ነው የምጭነው።

መስከረም ሲያልቅ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ አንድ ቀጠን ያለ ሰው ሱቄ መጣ። አዛናው እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው። ሚሞሪውን ሰጠኝ። እኔም እንደ ልማዴ ከየአልበሙ ትንሽ ትንሽ አሰማሁት። የካሌብ አምስተኛው ቁጥር ሲደርስ እጁን አነሳ።

«እስቲ ይመልሱት፣ እናቴ።»

መለስኩለት። አሁንም መልሱት አለኝ። አሁንም መለስኩ። ሰው ጸሎት ሲሰማ ያማትባል፣ ወይ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ይህ ሰው ግን ዓይኑን ሳያርገበግብ ኮምፒውተሬን ብቻ ያያል። 

«ማን ነው ይሄ?» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«የእኔ ልጅ ነው። ካሌብ ይባላል፣ ትራክተር…»

«የሚለፈልፈውን አይደለም። የሚጸልየውን ነው።»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ ልጄ፣ ከኢንተርኔት የወሰደው ይመስለኛል» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ ምላሴ ቀደመኝ።

ሚሞሪውን ባዶውን ተቀበለኝና አመስግኖ ሄደ። ምንም አላስጫነም። እኔ ሱቁን ዘግቼ ካሌብ ከእርሻ እስኪመለስ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለታችንም መጋዘን ገባን። ለይኩን ጆንያ ይሰፋ ነበር። የሰውየውን መልክ፣ ቅጥነቱን፣ ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ነገርኩት። መርፌውን አስቀመጠ።

«ጋሼ ለይኩን» አለ ካሌብ፣ «ወልደ ሰንበት የእርስዎ የክርስትና ስም አይደለም እንዴ?»

«የእኔ ኃይለ ሚካኤል ነው።»

«ታዲያ ወልደ ሰንበት ማነው?»

«የገደልሁት ሰው ነው» አለ።

 ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን በአጭሩ ነገረን። ሟቹ አበልጁ ነበር፤ የለይኩንን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳለት ሟቹ ነው። በእርሻ ድንበር ተጣሉ። ሽማግሌ ሊያስታርቃቸው ቀን በቀጠረበት ሳምንት፣ ከሰንበቴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቃል ተወራወሩ፣ ሁለቱም ጠጥተው ነበር። ለይኩን በያዘው ዱላ መታው፤ ሰውየው እዚያው ቀረ። ሱቄ የመጣው የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ደም መላሽ ከእሱ በቀር በቤቱ የለም።

ካሌብ ፊቱ አመድ መሰለ። «ታዲያ ለምን ቁረጠው አላሉኝም? ስሙን ብቻ ብቆርጠው ኖሮ…»

«ስሙን የሚጠራለት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነው» አለ ለይኩን። «እኔ ተዝካሩ ላይ አልቆምሁ፣ መቃብሩ ላይ አላለቀስሁ። አንተ ሺህ ሰው ስልክ ላይ ይገባል ስትለኝ፣ ሺህ ሰው ያስበው አልሁ።»

«ቤተሰቡ እንደሚሰማውስ አላሰቡም?»

«አስቤያለሁ» አለና መርፌውን አነሳ።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ስፈራ እናደዳለሁ፣ ይህ የኖረ አመሌ ነው። «አንተ ለነፍስህ አሰብህ፤ የእኔን ልጅስ? የአልበሙ ፊት ላይ ያለው የእሱ መልክ ነው፣ የማን ደጅ የሚመጡ ይመስልሃል?» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ። 

ሽሽ እንዳንለው መሸሻ የለም። ማዶ ሱዳን ጦርነት ነው፤ ከዚያ የሚሸሸው ሰው ራሱ መተማ ዮሐንስ ላይ ፈሷል። ወደ ጎንደር ያለውን መንገድ ደግሞ እገታው ዘግቶታል፤ ሰው ሦስት ጊዜ ተማክሮ ነው መኪና የሚሳፈር። ካሌብ አምስተኛውን ከኮምፒውተሬ አጠፋው። ግን ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። በየስልኩ አለ። ባጃጅ እያስቆመ «ይህን አጥፋልኝ» ሲላቸው «ስም ሲያወጣ ኮራብን» ብለው ይስቁበታል፤ ድምፁን ከፍ አድርገውበት ይሄዳሉ።  ካሌብ ትራክተሩ ላይ መለፍለፉን ተወ። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለው። የለመነውን አልበም ሰጥቶት በዚያው እጁ የሰው ነፍስ አስያዘው፤ የእግዜር ሥራ አንዳንዴ አይገባኝም።

አዛናው ተመልሶ የመጣው ገበያ ቀን ነው። ቀጥሎ ባለው እርሻ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ ኖሮ ክላሽ አንግቷል። ካሌብ ከእኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ነበር።

«ካሌብ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያ የሚጸልየው ማነው?»

«እኔው ነኝ» አለ ልጄ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። 

«ወልደ ሰንበትስ ማነው?»

«የእኔ የክርስትና ስም ነው።»

አዛናው ፈገግ አለ፤ ከቁጣ የከፋ ፈገግታ ነበር። «ጴንጤ የክርስትና ስም ማውጣት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ። «የወንድሜን ስም ከማን እንደሰማኸው ትነግረኛለህ። ካልነገርኸኝ የምጠይቀው አንተን ነው።»

ካሌብ ዝም አለ። የሚያውቀውን አልክድም፣ አልናገርምም የሚል ዝምታ ነው። ይህን ዝምታ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ብትገርፉት አይሰበርም። ሰውየው ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ሱቁ ደጃፍ የነበረው ሰው እንደ ጉም ተበተነ።

ይኼኔ ከቤቱ ጀርባ ለይኩን ዞሮ መጣ። ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሟል፣ ሁለት እጁ ድንጋዩን ይዟል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በገበያ ቀን ደጅ ሲወጣ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አዛናው እግር ሥር ሄዶ ከነድንጋዩ በጉልበቱ ወደቀ።

«ልጁን ተወው። እኔ ነኝ» አለ።

የክላሹ አፍ ወደ አንገቱ ዞረ። እኔ ነጠላዬን ከራሴ አውልቄ በሁለቱ መካከል መሬት ላይ ጣልኩት። ያለ ነጠላ የቆመች አሮጊት አልፎ የሚተኩስ ወንድ ደጋም ቆላም የለም ብዬ ነው፤ ግን አላምነውም ነበር።  አሁን ይተኩሳል፣ አሁን ይተኩሳል እላለሁ።

አዛናው ነጠላዬን ብዙ ጊዜ አየው። «እርቅ እንዳይመስልህ» አለ ለለይኩን። «እናቴ ካልፈቀደች እርቅ የለም፤ እናቴ ደግሞ አትፈቅድም። ግን ስሙን እንደምትጠራው ሰማሁ። ስልክ አንዴ ያለውን ነው የሚደግም፤ እኔ ከአፍህ ነው የምሰማው። በየንጋቱ መጥቼ እሰማለሁ። ያልጠራኸው ቀን…»

ክላሹን ወደ ትከሻው መለሰና ሄደ። 

ከዚያ ወዲህ ያለውን ንጋት ለጠላቴ አልመኝም። ወፍ ሳይንጫጫ አዛናው ይመጣና በእሾህ አጥሩ ጥግ ቁጢጥ ይላል፣ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። ለይኩን ከመጋዘኑ ውስጥ ይጸልያል። እኔ አልጋዬ ላይ እስትንፋሴን ይዤ እያንዳንዱን ቃል እጠብቃለሁ፤ ካሌብም በወዲያኛው ክፍል እንደማይተኛ አውቃለሁ። አራቱ መስመር ሲያልቅ የአዛናው ጫማ ጭቃውን እየረገጠ ይርቃል። ያኔ ነው የምተነፍሰው። ለይኩን ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ከአልጋዬ ቀና እላለሁ። ሽማግሌዎች ወደ እናትየው ላክን፤ መንገዱ ክፉ ነውና ደረሱ አልደረሱ የሚያውቅ የለም።

ጥቅምት ላይ ወባው መጣ። ለይኩን አንድ ቀን ከሰዓት ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ተኛ። ድሪቶውን ደራርቤ አለበስኩት፣ ነገ ክሊኒክ እንወስድሃለን አልኩት። ለነጋታው ነቅቼ ጆሮዬን ብሰጥ ምንም የለም። ወፉ ተንጫጫ፤ ምንም የለም። በባዶ እግሬ ተነስቼ ወጣሁ። አዛናው አጥሩ ጋ አለ። ቁጢጥ አላለም፣ ቆሟል።

መጋዘን ስገባ ካሌብ ቀድሞኛል። ለይኩን ጆንያው ላይ እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ተገልብጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ካሌብ ውኃ እያጠጣው «ይበሉ ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ ስሙን ብቻ» ይለዋል። ምላሱ አልታዘዝ አለው። ውኃው በአገጩ ወረደ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረ፤ እንዲያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠጋና በለይኩን ድምፅ ጀመረ። አቤቱ፣ ወልደ ሰንበትን አስበው። ያን ቅጂ ስንት መቶ ጊዜ ሰምቶት፣ ስንቴ አርሞት፣ እያንዳንዱን መሳቡንና መስበሩን ያውቀዋል። እኔ ራሴ ለይኩን ተነሳ እንዴ ብዬ ዞሬ አየሁ።

«ካሌብ፣ ተው» አለ ከውጭ አዛናው።

ካሌብ አቋረጠ። አጥሩ ሲገፋ፣ እሾሁ ጨርቅ ሲይዝና ሲለቅ፣ ጫማ ጭቃ ሲረግጥ ሰማን። እኔ የለይኩንን እግር ይዤ ተቀመጥኩ፤ እግር መያዝ ምን እንደሚያድን አላውቅም። ካሌብ በሩ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። አዛናው መጣና ከክንዱ በላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። ክላሹ በእጁ ነው። ያን የሚንቀጠቀጥ ሰው አየው፣ አየው፣ መሬቱን አየ።

«አቤቱ» አለ።

የማን ድምፅ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። «አቤቱ፣ ወልደ ሰንበትን አስበው። በመንገድ የቀረውን፣ ቤቱ ያልገባውን…» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ።  «ወልደ ሰንበትን አስበው» አለ ደግሞ።

አራተኛውን መስመር ጠበቅን። አላለውም።

«ወባ ነው?» አለ ካሌብን።

«ወባ ነው።»

«መቼ ያዘው?»

«ትናንት።»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ትራክተሩን አስነሳ እንጂ። እንዳይሞትብኝ።»

በዚያ ጭቃ ባጃጅ እኛ ጋ አይደርስም። ካሌብ ተጎታቹን ቀጥሎ አስነሳ፤ አዛናው ለይኩንን በብብቱ ይዞ እንደ ጆንያ ወደ ላይ ሳበው። ካሌብ ከፊት ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለሁለቱ ሰጥቶ። ከኋላው አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ራስጌው ተቀምጧል፣ ክላሹ ጭኑ ላይ ነው። «እኔም ልሂድ» አልኩ። «እናቴ፣ እርስዎ ይቅሩ» አለኝ አዛናው። ለምን እንዳስቀረኝ አልነገረኝም።

እንዳይሞትብኝ። ይህን ቃል ከእናት አፍ ሰምቻለሁ፣ ከሚስት አፍ ሰምቻለሁ። ከደም መላሽ አፍ ሰምቼ ስለማላውቅ ልደሰትበት ልሸበርበት አላወቅሁም። ትራክተሩ ከማሽላው ጀርባ ተሰወረ። ከሞተሩ ድምፅ በላይ የምጠብቀው አንድ ተኩስ ነው፤ ጆሮዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ሞተሩም ራቀ፣ ራቀና ጠፋ። ሱቁን አልከፈትኩም። ሠራተኛ መጥቶ ቢጠራኝ አልመለስኩለትም። ማርያምን ለመንኩ፤ ሲጨንቀኝ የካሌብንም ጌታ በእሱ አጠራር ለመንኩት።

ፀሐይ ከአናት ካለፈች በኋላ ያ ሞተር ተሰማ። ወደ መንገዱ ሮጥኩ፣ በዚህ ወገቤ። ካሌብ ከፊት ነበር፤ እሱን አየሁት። ተጎታቹ ግን ከኋላው ነው፣ የማሽላው አገዳ ጋርዶታል። እስኪወጣ ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሲወጣ ራስ ቆጠርኩ። ከካሌብ ጋር ሦስት ነበሩ፤ ለይኩንም ቀና ብሎ ተቀምጦ ነበር። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።